ለልጄ የኬሚስትሪ አስጠኚ ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ልጄን ኬሚስትሪ የሚያስጠኗትን መምህርት በአደባባይ ማመስገን ይገባኛል። ጥሩ አስጠኚ ፍለጋ ላይ ያላችሁ ወላጆችም እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ።

አሲድ ከካርቦኔት (ለምሳሌ ከካልሲየም ካርቦኔት) ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚፈጠር ልጄ ትሸመድድ ነበር። አሲዱ ሲቀየርባት የሸመደደችው ሁሉ ይጠፋባታል። መምህርቷ ሽምደዳውን አስጣሏት። "ካልሲየሙ ከማን ጋር ቀረ? ካርቦኔቱስ ወዴት ሄደ?" እያሉ ይጠይቋታል። ካርቦኔቱ የአሲዱን ሃይድሮጂን ይዞ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ እሱም ሳይቆይ ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። ስለዚህ ውሃውና ጋዙ ሁልጊዜ ይገኛሉ፤ የሚለዋወጠው ጨው፣ ማለትም ካልሲየሙ ከቀረው የአሲዱ ክፍል ጋር የሚፈጥረው ውህድ፣ ብቻ ነው። ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሎራይድ፣ ከናይትሪክ ናይትሬት፣ ከሰልፈሪክ ሰልፌት ይገኛል። አንድ ካልሲየም ሁለት ክሎራይድ ስለሚይዝ ሃይድሮክሎሪክ አሲዱም ሁለት ሆኖ ይገባል። ቀመር ማመጣጠን የሚያስለቅሳት ልጅ አሁን ምክንያቱን ራሷ ታስረዳኛለች።

አንድ ቀን የእንቁላል ቅርፊት ሰባብረው በጠርሙስ ውስጥ አቼቶ አፈሰሱበት። ቅርፊቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ተንጨረጨረ። ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ጠራ የኖራ ውሃ ሲያሻግሩት ውሃው ቀስ በቀስ ወተት መሰለ። እኔም ቆሜ አየሁ። "ይህ ነጩ ምንድን ነው?" ብለው መልሱን ለልጅቷ ተዉላት። ካልሲየም ካርቦኔት ነበር፤ ቅርፊቱ በአብዛኛው የተሠራበት ያው ነገር!

በጣም የወደድኩት ግን በወረቀት ላይ ብቻ የሰጧት ጥያቄ ነው። እብነ በረድ (እሱም ካልሲየም ካርቦኔት ነው) በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ መንጨርጨሩ ለምን ቶሎ ይቆማል? ቀመሩ ትክክል ነው፣ አሲዱም አላለቀም። የሚፈጠረው ካልሲየም ሰልፌት በውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ድንጋዩን ሸፍኖ አሲዱን ያግደዋል። ውጤቱን መተንበይ አንድ ነገር፣ የውጤቱን ጠባይ ማወቅ ሌላ ነገር መሆኑን ያሳዩ እሳቸው ናቸው።

ሰዓት አክባሪ ናቸው፤ ልጅ ሲሳሳት ፊታቸው አይለወጥም። ቀስ ብለው ስለሚያስተምሩ ለፈተና ዋዜማ ጥድፊያ የሚሆኑ አይመስለኝም፤ ዓመቱ ሲጀመር ቢያዙ ይሻላል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያስጠናሉ። መምህርታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።