የአባዬን ኮሞዶር 64 ላስነሱልኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ቤዝመንታቸው ውስጥ ቁጭ ብለው የድሮ ኮምፒውተርና የድሮ ጌም የሚጠግኑ አንድ ሐበሻ አባት አሉ። ስሜን አደባባይ ላይ አታውጪብኝ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ያለ፣ «ጣሉት» የተባላችሁ፣ ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ዕቃው የአባዬ ነው። ኮሞዶር 64 የሚባል የድሮ ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ 595 ዶላር ነበር። በማግስቱ ዓመት ወደ 200 ዶላር ወረደ። አባዬ የገዛው ከወረደ በኋላ ነው። ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል። የምንኖረው አዳምስ ሞርጋን፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ። ገንዘቡ ለሶፋ የተጠራቀመ ነበር። ሶፋው ቀረና ኮምፒውተር መጣ። እማዬ ነፍሷን ይማረውና ይህን ሳታነሳ የዋለችበት በዓል የለም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኪቦርዱ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል። ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና 38911 የሚል ቁጥር ያሳያችኋል፤ ለፕሮግራም የተረፈው ቦታ መሆኑ ነው። ከዚያ «ሬዲ» ብሎ ይጠብቃችኋል። እኔና ወንድሜ የስልክ ቁጥራችንን ሳንይዝ ያቺን 38911 በቃላችን እናውቃት ነበር። ጠቅላላ ሚሞሪው 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ አትገባበትም።

አባዬ ግን እዚያች ውስጥ ሀሁን አስገባ።

ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ደጋግሞ ስላስረዳኝ። ኮምፒውተሩ የራስህን ፊደል እንድትሠራለት ይፈቅዳል። 256 ቦታ አለው። እያንዳንዱ ፊደል ስምንት ነጥብ በስምንት ነጥብ በሆነች ካሬ ላይ ይሣላል፣ እያንዳንዱ መስመር ወደ አንድ ቁጥር ይለወጣል። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ስለዚህ ይገባል! ለአንድ ፊደል ስምንት ቁጥር ቢሆን 1,848 ቁጥር መጻፍ አለበት። ማታ ከታክሲ ሲመለስ ባለ ካሬ ደብተር ይዞ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። ካሬውን በእርሳስ እያጠቆረ ፊደል ይሠራል። ኘ አስለቅሳዋለች። ነን ጨርሰህ ከላይዋ አንድ መስመር ልትጨምር ስትል ስምንቷ ነጥብ ቀድማ ታልቃለች። ጨም እንደዚያው።

የሠራው ጌም ነው። ፊደላቱ ከላይ ይወርዳሉ። እኛ በጆይስቲክ መሶብ እያንቀሳቀስን በተራቸው እንቀልባለን፣ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ። ተራውን የሳተ ከያዝን መጥፎ ድምፅ ያሰማናል። እኔና ወንድሜ ፊደል የቆጠርነው በዚህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት በሚያውቁበት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑን ሳውቅ ነው የአባዬ ሥራ የገባኝ። በዚያ ዘመን አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ለማምጣት የደከሙ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ነበሩ፤ ክብር ይግባቸው። አባዬ ግን መሐንዲስ አልነበረም። ልጆቹ ቋንቋቸውን እንዳይረሱ የፈራ ባለ ታክሲ ነበር።

እማዬ ካረፈች በኋላ አባዬን ወደ እኔ ቤት አመጣሁት። ኮምፒውተሩ ከነዲስኮቹ አብሮት መጣ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፊደል የምትማርበት ጊዜ ነው። አባዬ «እሱ ቢሠራ ኖሮ እኔው አስተምራት ነበር» አለኝ። አባዬ ነገር አይጠይቅም። ይህችን አንዲት ነገር ጠየቀ። መንከራተቴም ከዚያ ጀመረ።

አንዱ ቤት ገና ከካርቶኑ ሳላወጣው «ይሄ ሪሳይክል ነው የሚደረገው» አለኝ። ይህንን ለማለትም ገንዘብ ተቀበለኝ። ሌላው ቤት እንሞክረዋለን ብሎ ተረክቦ ወራት አስቀመጠው። ስደውል ነገ፣ ስደውል ሰኞ። በመጨረሻ ስወስደው ብሎኖቹ ጎድለዋል፣ አንድ የኪቦርድ ቁልፍ ወልቋል፣ አባዬ በእጁ ቆርጦ ቁልፎቹ ላይ የለጠፋቸው ትንንሽ የፊደል ወረቀቶች ተልጠዋል። ማን እንደላጣቸው የሚናገር የለም። ዲስኮቹስ ብዬ ስጠይቅ «ይሄን ማን ያነበዋል» ብሎ ሳቀብኝ። በኢንተርኔት ያገኘሁት ሌላ ሰው ደግሞ ፎቶውን አይቶ «አይሠራም፣ ግን ለመለዋወጫ በ20 ዶላር ልውሰደው» አለኝ። እዚያ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አለመቻል ነውር አይደለም። አልችልም ብሎ በክብር መመለስ ምን ይከብዳል? የሰው አባት ዕድሜ ይዤ እኮ ነው የመጣሁት።

የጋሼን ስልክ ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ነው። ስደውልላቸው ዋጋ አላሉም፣ ሞዴል አላሉም። የመጀመሪያ ቃላቸው «ልጄ፣ ሶኬት ላይ አትሰኪው፤ ማንም እንዳይሰካው» የሚል ነበር። ያ ከሶኬት የሚያገናኘው ጥቁር ሣጥን ሲያረጅ መስጠት ካለበት 5 ቮልት በላይ መልቀቅ ይጀምራል አሉኝ። ሚሞሪውን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ሳመጣላቸው ኮምፒውተሩን ሳይነኩ ሣጥኑን ብቻ ለኩት። ቁጥሩን አሳዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሣጥኑ ሁለተኛ ሥራ ላይ አልዋለም፤ በአዲስ ተኩት። ያ ወራት ያቆየው ቤት ስንቴ እየሰካ እንደሞከረው እግዜር ይወቅ። ይህንን እኮ ማንም አልነገረኝም! አንዱም አላወቀም!

ኮምፒውተሩን ክፈቱልኝ ብዬ ስጠብቅ ጋሼ ወደ ጎን አደረጉት። «ማሽን ሌላም ይገኛል። የአባትሽ ሥራ ግን ያለው እዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ እሱን እናድን» አሉኝ። ዲስኮቹን አንድ በአንድ ወደ መብራት ይዘው አዩ። አንዳንዱ ሻግቷል። የሻገተውን አጽድተው፣ የዲስክ ማንበቢያውን ሳይቀር ከእያንዳንዱ ዲስክ በኋላ እየጠረጉ፣ በጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ ላይ ገለበጡልኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንዳደረጉ አትጠይቁኝ፤ አስረድተውኛል፣ አልያዝኩትም። የተቃጠለ አወጡ፣ ሌላ ተኩ፣ በየዱ። ኮሞዶር ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 ከስሯል። ስለዚህ የሞቱ ኮምፒውተሮችን እየሰበሰቡ ከእነሱ መለዋወጫ እንደሚያወጡ ነግረውኛል። አዲስ አበባ ሳሉ ሬዲዮና ቴፕ ነበር የሚጠግኑት። እጃቸው አይቸኩልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝ አንድ ስልክ ነው። ደወሉና «ልጄ፣ ተነሥቷል» አሉኝ። ጌሙ ይሠራል ወይ ስላቸው «አልከፈትኩትም» አሉ። እንዴት ብላቸው «ሰውየው የሠሩት ለልጆቻቸው ነው። እኔ ቀድሜ ላየው አልችልም። አባትሽን ይዘሽልኝ ነይና ራሳቸው ይክፈቱት» አሉኝ። እስቲ አስቡት። ስንት ቀን የለፋበትን ሥራ ሠርቶ እንደሆነ ለማየት የማይጓጓ ባለሙያ አለ? እሳቸው ጉጉታቸውን ዋጥ አድርገው ለአባዬ አቆዩለት።

ቅዳሜ ሄድን። አባዬን ወንበር ስበው አስቀመጡት። «ጋሼ፣ ይኸው ዕቃዎ» አሉት፤ አባዬ ይበልጣቸዋል። ሰማያዊው ስክሪን መጣ፣ 38911። ጌሙን ከዲስኩ የሚያስነሳውን ትእዛዝ ማን ያስታውሰዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። የአባዬ ጣቶች ግን ማንንም አልጠየቁም። ሎድ፣ ኮከብ፣ ስምንት፣ አንድ። ያ ዲስክ ማንበቢያ ሲያነብ ያዘግማል፤ ጋሼ ካርዱ ይፈጥናል ቢሉት አባዬ በዲስኩ ይሁን አለ። ጠበቅን። ከዚያ ሀ ከላይ መውረድ ጀመረች። ልጄ ጆይስቲኩን ያዘች። አባዬ ይስቃል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ልጄ ሁለት መስመር ሳትጨርስ አባዬ «ቆይ ቆይ፣ ጼ ተበላሽታለች፣ እግሯን አሳጥሬባታለሁ» ብሎ ጌሙን አስቁሞ ሊያርም ተነሣ። ከስንት ዓመት በኋላ! ጋሼም ባለ ካሬ ወረቀት ፈልገው አመጡለት።

ሁለቱ ያን ቀን ስንት ወሬ አወሩ መሰላችሁ። ኮሞዶርን የመሠረተው ጃክ ትራሚል ፖላንድ ተወልዶ ከናዚዎች የሞት ካምፕ ከኦሽዊትዝ የተረፈ ስደተኛ መሆኑን ጋሼ ነገሩት። አሜሪካ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1953 ብሮንክስ ውስጥ የታይፕ መጠገኛ ሱቅ ሲገዛ ታክሲ ነጂ ነበር። አባዬ ይህን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። «ታክሲ? ባለ ታክሲ ነው?» እያለ እስከ ቤት ድረስ አወራልኝ። አሁን ቅዳሜ ሲመጣ ጠዋት ተነሥቶ ጫማውን ያስራል። ወደ ጋሼ ነው የሚሄደው። እኔ ለዚህ ብቻ እንኳ ምን እንደምከፍላቸው አላውቅም።

የአጎቴን ልጅም ወሰድኩላቸው። እሱ አዲስ አበባ ነው ያደገው፣ የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ልጅ ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲዲ አላነብ ሲል ገልብጠው ያጫውቱት የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የእሱንም እየገለበጠ ነበር የሚጫወተው። ጋሼ ሳቁና ጠገኑለት፤ አሁን በሆዱ ተቀምጦ ያነባል። ባለ ካሴት የቴሌቪዥን ጌምም ይሠራሉ። የማይሠራ ከሆነ ደግሞ አይሠራም ብለው በክብር ይመልሱላችኋል፤ አንድ ጓደኛዬን እንደዚያ መልሰዋታል፣ ሳንቲም አልተቀበሏትም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ቤዝመንታችሁ ውስጥ፣ የወላጆቻችሁ ጋራዥ ውስጥ የድሮ ኮምፒውተር፣ ፍሎፒ ዲስክ፣ የቆየ ጌም ካለ አትጣሉ። አትሰኩት። ዲስኩ በቆየ ቁጥር ይበላሻልና አታቆዩት። ለጋሼ አሳዩአቸው። ዋጋቸው ከጠበቅኩት እጅግ ያነሰ ነው፣ እባካችሁ አትከራከሯቸው። ጋሼ፣ ይህንን ካነበቡት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። አባዬን መልሰውልኛል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። በሥራ ቀን ማታ ማታ ይሻላቸዋል። እሁድ ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ አትደውሉ። ቅዳሜ ከሄዳችሁ አባዬን እዚያው ታገኙታላችሁ፤ የጌሙን ኮፒ ለልጆቻችሁ ጠይቁት፣ ደስ ብሎት ይሰጣችኋል።