የ1943ቱ የብረት ሳንቲም ወይስ የ1944ቱ የመዳብ? በእጅ ሲዘዋወር የትኛው ይበረክታል?

በ2ኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ መዳብ ለጥይትና ለሽቦ በጣም አስፈለጋት። ስለዚህ በ1943 እ.ኤ.አ. አንድ ሳንቲሟን ዚንክ ከተለበጠ ብረት ሠራች። በ1944 ወደ መዳብ ተመለሰች፤ 95 በመቶ መዳብ፣ 5 በመቶ ዚንክ። ከመዳቡ ከፊሉ የተገኘው ከተተኮሱ ጥይቶች ቀለህ ነው።

አዲስ ሳለ ብረቱ ያምራል። ነጭ ሆኖ ስለሚያብረቀርቅ ብዙ ሰው ከአስር ሳንቲም ጋር ያምታታው ነበር። ውበቱ ግን አይዘልቅም። ዚንኩ ስስ ነው፤ ላብና እርጥበት ሲነካው ይደበዝዛል፣ ቀጥሎም ይጠቁራል። ዋናው ድክመቱ ጠርዙ ላይ ነው። ዚንኩ የተለበጠው ብረቱ ገና ዝርግ ሳለ ነበር። ክቡ ተቆርጦ ሲወጣ ጠርዙ ራቁቱን ቀረ። የተቆረጠ የጣሪያ ቆርቆሮም መዛግ የሚጀምረው ከአፉ ነው። ዚንኩ በአጠገቡ እስካለ ድረስ ራሱ እየተበላ ብረቱን ይከላከላል። እሱ ሲያልቅ ዝገቱ ወደ ፊቱ ይዘልቅና ይቦረቡረዋል።

የ1944ቱስ? ይጠቁራል፣ ፊደሉም በመፋተግ ይሳሳል፤ እንደ ብረት ግን አይዝግም። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ብረቶቹን ከገበያ ሲሰበስብ፣ መዳቦቹ ለአስርት ዓመታት ሲዘዋወሩ ኖሩ። ለመገበያያ እኔ ያለ ጥርጥር መዳቡን እመርጣለሁ።

ለስብስብ የ1943ቱን የምትገዙ ከሆነ፣ ከመጠን በላይ የሚያብረቀርቅ ሳንቲም ካጋጠማችሁ ጠርዙን እዩት። እዚያም ዚንክ ካለ፣ በኋላ እንደገና የተለበጠ መሆኑን ጠርጥሩ።