አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ በብርድ አልነሣ ሲል፦ ትልቅ ባትሪ ወይስ ጥሩ ካንዴሌታ?

ብርዱ በጠነከረ ቁጥር ከወዳጆቼ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ፒካፑ ጠዋት አልነሣ ብሎኛል፤ ባትሪ ልቀይር?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ወስኖ ጨርሷል፤ ከእኔ የሚፈልገው «አዎ፣ ትልቁን ግዛ» የሚል ቡራኬ ነው። ቡራኬውን ግን አላገኘም። አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ያለውና ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃው ሰው መጀመሪያ ደህና ፋብሪካ የሠራቸውን ካንዴሌታዎች፣ ማለትም ቀዝቃዛውን ሞተር ከውስጥ የሚያሞቁትን የኤሌክትሪክ ዘንጎች፣ ይግዛ፤ ከተረፈው የባትሪ ገመዶቹን ያድስ፤ ባትሪው ተራውን ይጠብቅ።

ዋጋውን አብረን እናስላ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አራት ካንዴሌታ ይፈልጋል። የታወቀ ፋብሪካ የሠራቸው አራቱ አንድ ላይ ሆነው ብዙውን ጊዜ ከአንድ የናፍጣ መኪና ባትሪ ይረክሳሉ፤ ኤጂኤም ከሚባለው፣ አሲዱ በመስታወት ቃጫ ተይዞ ከታሸገው ውድ ባትሪ ጋር ሲተያዩ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ባትሪ በጥሩ አያያዝ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል። ደህና ካንዴሌታ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል፤ በዓመት አሥር ሺህ ለሚነዳ ሰው ይህ ከሁለት ባትሪ ዕድሜ ይበልጣል። ዋጋን ለአገልግሎት ዘመን አካፍሎ የማያይ ሰው ነው ትልቁን ባትሪ ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚሄደው።

ገንዘብ የሚቆጥብ ሌላም ነገር አለ። መኪና አምራቾች በአብዛኛው ካንዴሌታ ራሳቸው አይሠሩም፤ እንደ ኤንጂኬ፣ ዴንሶ፣ ቦሽና ቤሩ ያሉ ፋብሪካዎች ይሠሩላቸዋል። ያው ዕቃ በመኪናው ስም ታሽጎ ሲቀርብ ዋጋው ይንራል፤ በፋብሪካው በራሱ ካርቶን ሲሸጥ ደግሞ ይቀንሳል። ክሩ፣ ርዝመቱና ቮልቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ለካርቶን ሥዕል ተጨማሪ መክፈል አይታየኝም። ቁጠባ ካስፈለገ እዚህ ላይ ይቆጠብ እንጂ ወደ ታች ወርዶ አስመስሎ የተሠራውን በመግዛት አይደለም። ስለ እሱ እመለስበታለሁ።

ለካንዴሌታው ያደላሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በናፍጣ ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭር ካንዴላ የለም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው ፒስተኑ አየሩን አምቆ ሲያግለው ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች አየሩ ከ20 ለ1 በላይ ይታመቃል። ይህም ሆኖ ብረቱ ከቀዘቀዘ ሙቀቱን ይነጥቃል። ናፍጣው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ሳይሆን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ወዳለች ትንሽ ክፍል በሚረጭባቸው ሞተሮች፣ ማለትም በቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ በኒሳን ቲዲ27 እና በቀደምቶቹ የሚትሱቢሺ 4ዲ56 ላይ ችግሩ ይብሳል፤ የክፍሏ ግድግዳ ከያዘችው አየር አንጻር ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይዋጣል። ካንዴሌታው ጫፉን ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አግሎ እዚያ የሚቆመው ለዚህ ነው። ከአራቱ ሁለቱ ከሞቱ ትልቅ ባትሪ ቀዝቃዛውን ሞተር በፍጥነት ያሽከረክረዋል እንጂ ናፍጣውን አያቀጣጥልም። ነጭ ጭስ እየተፋና እየተንገጫገጨ በግማሽ ልቡ የሚነሣ፣ ጥቂት ቆይቶም የሚስተካከል ፒካፕ ካያችሁ አስቀድማችሁ ካንዴሌታዎቹን ጠርጥሩ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከመግዛት በፊት ያለውን መፈተሽ ነው። ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም። ካንዴሌታዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን የብረት ዘንግ ፈትታችሁ አውጡ። ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ እሰሩ፤ አንዱን ሽቦ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አስይዛችሁ በሌላው የእያንዳንዱን ካንዴሌታ ራስ ንኩ። አምፖሉ ከበራ የውስጥ ሽቦው አልተቆረጠም፤ ካልበራ ሞቷል። መልቲሜትር ያለው ሰው በኦም ይለካ፤ ጤነኛው ሲቀዘቅዝ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኦም ብዙም አይርቅም። አራቱም ጤነኛ ሆነው ካልጋሉ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያበራላቸውና የሚያጠፋባቸው ማብሪያ) ወይም ፊውዙ ነው። አራት ካንዴሌታ በአንድ ጊዜ ከ40 አምፔር በላይ ስለሚስብ የሪሌው መገናኛ ከጊዜ ብዛት ይቃጠላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። አስመስሎ የተሠራው ካንዴሌታ የኦሪጅናሉን ሲሶ ዋጋ ቢጠየቅበት ነው። ካርቶኑ ያው፣ ጽሑፉ ያው፣ ክሩም ያው ይመስላል። አንድ ወዳጄ ስሙን ከማልጠራው መደብር ገዝቶ ገጠመ፤ መጀመሪያ አካባቢ ሞተሩ ጥሩ ይነሣ ነበርና ባገኘው ዋጋ ይኩራራብኝ ነበር። ብርዱ ሳያልፍ አንዱ ሞተ። ለማውጣት ስንፈታው ክሩ ተፈታ፣ ካንዴሌታው ግን ይሽከረከራል እንጂ አይነቀልም። ጫፉ ከግለት ብዛት አብጦ ከገባበት ቀዳዳ በልጦ ነበር። ቴስታታው ወረደ። ቴስታታ ማውረድ ማለት አዲስ ጓርኒሲዮን (የቴስታታ ማሸጊያ)፣ አዲስ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የመካኒክ የእጅ ዋጋና ያለ መኪና የሚታለፉ ቀናት ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ የሁለት ወይም የሦስት ካንዴሌታ ዋጋ ለመቆጠብ። ያበጠው ጫፍ ተሰብሮ ቢወድቅ ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ ቁራጩ በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ከገባ ሞተሩ ራሱን ይፈጫል።

አስመስሎ የተሠራውን በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ በእሳት ግን ይጋለጣል። ካንዴሌታውን በሞርሳ ያዙት፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከአካሉ፣ ፖዘቲቩን ከራሱ ጋር ለጥቂት ሰከንድ አገናኙ። ጥሩው መቅላት የሚጀምረው ከጫፉ ነው፤ ቅላቱም ወደ ክሩ አቅጣጫ ይሳባል። መጥፎው ከወገቡ ይቀላል፣ ጫፉ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ሙቀቱ ናፍጣው በማይደርስበት ቦታ ባከነ ማለት ነው። ከአንድ ካርቶን የወጡት አራቱ ለመቅላት የሚወስድባቸው ጊዜ ከተራራቀም አልገዛም። ይህን ሙከራ በመደብሩ ደጃፍ አስፈቅዶ ማድረግ ይቻላል። «አይቻልም» የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከሙከራው በፊት ግን ቮልቱን አንብቡ። አንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ሁለት ሪሌና መቀነሻ ሬዚስተር ያለው ፈጣን የማሞቂያ ሥርዓት ስላላቸው ካንዴሌታቸው ባለ 6 ቮልት ነው። የሌሎቹ 11 ወይም 12 ቮልት ነው። ክሩ ስለሚገጥም ብቻ «ይሠራል» የሚል ሻጭ ሞልቷል። ባለ 6 ቮልቱን በ12 ቮልት ሥርዓት ላይ ከገጠማችሁት ወዲያው ይቃጠላል፤ ባለ 12ቱን በ6ቱ ቦታ ካስገባችሁት ደግሞ ሲሞቅ ያረፍዳል። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት የተሳሳተውን ገጥሞ ሊሆን ስለሚችል አሮጌውን ከማመን በሞተሩ ቁጥር ማመሳከር ይሻላል።

መግጠሙን ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ችኮላ ካላበዛችሁ። በዋዜማው ምሽት የዝገት ማላቀቂያ ዘይት እሥሩ ጠብ አድርጉ፤ በማግሥቱ ሞተሩን አሙቃችሁ ፍቱ። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ክር ካንዴሌታ ሲገጠም የሚፈልገው የማጥበቂያ ጉልበት 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ 35 አካባቢ ሲደርስ ይሰበራል። በመካከሉ ያለው ልዩነት ለጉልበተኛ ሰው ምንም ማለት አይደለምና የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ተዋሱ። ሲፈታ ካስቸገረ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ አባብሉት።

ባትሪውን ልበድለው አልፈልግም። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ በሙቀት ከሚሰጠው ኃይል ግማሹን እንኳ አይሰጥም፤ በዚያው ሰዓት ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ የበለጠ ይጠይቃል። ባትሪ ላይ የሚጻፈው ሲሲኤ የሚባለው ቁጥር በዚሁ ብርድ ለ30 ሰከንድ ሊሰጥ የሚችለውን አምፔር ነው የሚናገረው፤ ለናፍጣ ፒካፕ ከሌላው ቁጥር ሁሉ ይልቅ እሱን ተመልከቱ። ችግሩ ቁጥሩን ማንም ማተም መቻሉ ነው። ስለዚህ እኔ ሚዛን አምናለሁ። እርሳስ ይከብዳል፤ ልክ እኩል ሆነው አንዱ በጥቂት ኪሎ የሚቀል ከሆነ የጎደለው እርሳስ ነው፤ የተጻፈው ቁጥርም ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ኤጂኤም ወይስ ውኃ የሚጨመርበት ተራ ባትሪ ለሚሉኝ፣ ለአሮጌ ፒካፕ ተራውን እላለሁ። ኤጂኤም ጥሩ ባትሪ ነው፤ ዋጋው ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ለመሙላትም ብዙውን ጊዜ ከ14.4 ቮልት በላይ ይፈልጋል። ያረጀ ዲናሞ 13.9 እየሰጠ ውድ ባትሪ መግዛት ባትሪውን ሁልጊዜ በከፊል እንዲጾም ማድረግ ነው። የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ተበላሽቶ ቮልቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ተራው ውኃው ይጎድላል፣ የተጣራ ውኃ ትጨምሩበታላችሁ፤ ኤጂኤም የሚከፈት ክዳን የለውም። የትኛውንም ብትገዙ ሞልታችሁ አሳድሩት። ሙሉ ባትሪ በዕረፍት 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.0 ላይ ሲደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ባዶው ባትሪ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሳይደርስ ሊቀዘቅዝና ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሙሉው ግን ያንን ብርድ ከቁብ አይቆጥረውም።

ብዙዎች ባትሪ የሚገዙት ገመዱ ስለተበላሸ ነው። አንድ ሰው ሞተሪኖውን ሲያስነሣ እናንተ መልቲሜትሩን በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል ያዙ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ተርሚናሉን በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ ኔጌቲቩ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትንም እንዲሁ። ገመድ ስትገዙ ደግሞ የጫፉን አንድ ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቁት። እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነውና መልሱት። አልሙኒየሙ ከመዳቡ ሲሶ ያህል ያነሰ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ዋጋው ርካሽ የመሰለውም ለዚህ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ዘይት፦ ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ደረጃው ነው፤ ባለ 15 ደብልዩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ፣ ባለ 5 ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ላይ ስለሆነ፣ ብርዱ በረዶ የማያደርስ ከሆነ ለ5 ደብልዩ ብዙ አትክፈሉ። የራዲያተር ፀረ በረዶ፦ ተበርዞ የተዘጋጀው ግማሹ ውኃ ነው፤ ወፍራሙን ገዝቶ በተጣራ ውኃ እኩል መበረዝ ይረክሳል። እኩል ለእኩሉ እስከ ከዜሮ በታች 37 ድረስ ይዘልቃል፤ ያልተበረዘው ግን ከዜሮ በታች በአሥራዎቹ ውስጥ ይረጋልና «ባበዛው ይሻላል» አይሠራም። የናፍጣ ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ብርዱ ሳይገባ አፍስሱ። ማስነሻ ተብሎ የሚረጨውን የኤተር ጣሳ ግን የጋለ ካንዴሌታ ባለበት ሞተር ላይ እንዳታስቡት፤ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተን ይሰብራል።

ባትሪ አስቀድሙ የምላቸውም አሉ። ቤንዚን ፒካፕ ያላቸው ካንዴሌታ ስለሌላቸው ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። እንደ ኢሱዙ 4ጄኤ1 ናፍጣው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭባቸው ሞተሮችም ብርድን የተሻለ ስለሚችሉ፣ መካከለኛ ብርድ ላይ ካልተነሡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ከሞሉት በኋላም ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ በራሱ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ደግሞ የማንም ፒካፕ ይሁን ይቀየር፤ ሻጩ ለአሮጌው እርሳስ ዋጋ ሊቀንስላችሁ ይችላልና ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።