የሞተሬን ጉልበት ላዳኑልኝ ለደንበጫው ጋሼ

ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። «ስልክ ላይ ብታወጣኝ ሁለተኛ ሞተርህን አልነካም» ነው ያሉት። እሺ ጋሼ፣ ስም አልጽፍም። ከማመስገን ግን የሚከለክለኝ የለም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው አማኑኤል አካባቢ ነው። ሞተሬ በጨረታ የገዛኋት ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያላት፣ ገጠር የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ዓይነት። ዕድሜዋን አትጠይቁኝ። እስካሁን በአንድ ርግጫ ትነሳለች። ችግሯ የፊት አሞርዛተሯ ነበር፤ የመንገዱን ንጠት የሚውጡት ሁለቱ የፊት እግሮቿ ማለቴ ነው። ትንሽ ጉድጓድ ስትገባ «ጓ!» ትላለች። የፊት ፍሬን ስይዝ እንደሚሰግድ ሰው በግንባሯ ትደፋለች። ኮሮኮንች ላይማ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ይታገለኛል።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። ከፊት የምጭነው የክትባት ሳጥን ነው። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ስላለበት በረዶ ደርድሬበት ነው የምወጣው። አምና አንድ ቀበሌ ደርሼ ሳጥኑን ስከፍት ሁለት ብልቃጥ ተሰብሯል። ያውም ከንጋት ጀምሮ ከብቱን አስሮ ሲጠብቀኝ በዋለ ገበሬ ፊት። ምን ይባላል?

ከኋላ ደግሞ እናቴ አለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ለቀጠሮ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አመላልሳታለሁ። ለምን በሚኒባስ አትሄድም የምትሉ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ተቀምጣችሁ ሞክሩት። ሞተሯ ላይ እናቴ አንድም ቀን «አመመኝ» ብላኝ አታውቅም። ጥርሷን ነክሳ ነው የምትሄደው። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ወገቤን የያዘችበት እጅ ሲጠብቅ ብቻ ይሰማኛል።

የዞርኩባቸውን ጋራዦች ላውራ፤ ስምም ከተማም አልጠራም። የመጀመሪያው ሳይነካት «ለቁራሌው ስጣት» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለተኛው ፓራዮሊ፣ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎማ፣ ቀየርኩ ብሎ ገንዘቤን ተቀበለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ዘይቱ በእግሯ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ተመልሼ ስሄድ «መንገዱ ነው» አለኝ። መንገዱማ ድሮም ነበረ! ሦስተኛው ይብሳል። ወፍራም የሞተር ዘይት ሞላባት። አሁን ደግሞ ጭራሽ አልታጠፍ አለች። ቀኑን ሙሉ በዲጅኖ ድንጋይ ስፈነቅል የዋልኩ ይመስል ማታ እጄ እንጀራ ለመቁረስ እንኳ እንቢ አለኝ። ያንንም ዘይት ወር ሳይሞላ አንጠባጥባ ጨረሰችውና ወደ «ጓ!» ተመለስን። ሒሳብ ላይ ግን ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ደንበጫን የጠቆመኝ አንድ የማር ነጋዴ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ጋሼ ቁልፍ አላነሱም። መጀመሪያ «ምን ትጭናለህ?» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ጋራዥ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ሳጥኑንም እናቴንም ነገርኳቸው።

ከዚያ ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ክር መዘዙ። ቀጭኑ የሚያብረቀርቅ ብረት ወፍራሙ እግር ውስጥ ከሚገባበት ቦታ ላይ አስነክተው አሰሩት። «እስከ ድልድዩ ደርሰህ ና» አሉኝ። ስመለስ ክሩ ወደ ላይ ተገፍቶ ጫፍ ደርሷል። በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «አየህ፣ እስከ መጨረሻው ትቀመጣለች። ጉልበት የላትም» አሉ።

ሲፈቱት ከአንዱ እግር የሚሸት ጥቁር ዘይት ወጣ። ከሌላው ሲኒ የሚሞላ እንኳ አልወጣም። «አንድ እግሯ ጫማ አድርጎ አንዱ ባዶውን ነው የሚሄደው» አሉ። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ ተረድቻለሁ ብል ውሸት ነው። ሞላዎቹን ጎን ለጎን አቁመው ለኩ። ከላያቸው የተቆረጠ ቧንቧ ጨመሩ። ቀጭን ዘይት ሲሞሉ ከቦርሳዬ ያልተነካ የከብት ሲሪንጅ አስወጡኝና ለሁለቱም እግር እኩል ለክተው ሰጡ፤ ልክ እንደ መድኃኒት። ፓራዮሊውን የቆረጠው አቧራ ነው ብለው ከአሮጌ ከመነዳሪ ሽፋን ሠሩለት። ሞላ፣ ፓራዮሊ፣ አሞርዛተር፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል መሆኑን ሳነሳባቸው፣ «በላይ ዘለቀ ከጎጃም አስወጣው እንጂ ከጋራዥ የሚያስወጣው አልተገኘም» ብለው ሳቁ።

አለቀ ብዬ ገንዘብ ሳወጣ «አላለቀም። እናትህን ይዘሃት ና» አሉኝ።

በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። ብድግ ብለው ተቀበሏት። ለመውጫዋ ዱካ አቀረቡላት፣ ሳጥኑንም አስጫኑኝ። ክሩ እንደገና ታሰረ። ዞረን ስንመጣ እኔን ዞር ብለውም አላዩኝ። «እትዬ፣ ጉልበትዎ ላይ ይሰማዎታል?» አሏት።

«ከበፊቱ ይሻላል» አለች።

«ይሻላል ወይ አላልኩም» ብለው እንደገና ፈቱት። ቧንቧዋን በጣት ውፍረት አሳጠሯት። ጉልበቴ ላይ አይሰማኝም እስክትል ሦስት ጊዜ ፈተው ገጠሙ። የተቀበሉኝ ግን የዕቃውን ብቻ ነው። «የእጄን እናትህ ትመርቀኛለች» አሉ። መረቀቻቸው። እናቴ መመረቅ ከጀመረች መቼም አታበቃም፤ ሰፈርተኛው ቆሞ «አሜን» ሲል ነበር።

ወገኖቼ፣ ሂዱ። አሮጌ ሞተር ያላችሁ፣ «ጣላት» የተባላችሁ ሁሉ ሂዱ። ሁልጊዜ የምትጭኑትን ጭናችሁ፣ ማልዳችሁ ሂዱ። «ቶሎ በሉልኝ» ብቻ እንዳትሏቸው፤ ሞተራችሁን እየገፉ ደጅ ያወጡላችኋል። ደንበጫ ገብታችሁ «ክር የሚያስሩት ጋሼ» በሉ፣ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል።

ከዚያ ወዲህ አንድም ብልቃጥ አልተሰበረም። ባለፈው ቀጠሮ ደግሞ እናቴ ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ የጎረቤታችንን ሠርግ ከሽምግልናው ጀምራ ስትተርክልኝ ሄደች። ግማሹን ነፋስ ወሰደው። «ሰማኸኝ?» እያለች ጀርባዬን ትደልቃለች።