የአባይ በረሃን ለሚነዳ ሰው፦ ደብረ ማርቆስ የወሰድኩት ስልጠና

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የሾፌሮች ማሰልጠኛ፣ መንጃ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ተጨማሪ ስልጠና ይሰጣል። በኩርባና በድንገተኛ አደጋ ላይ ያተኮረ ነው። ባጭሩ፦ ውሰዱት። ቅር ያለኝ ነገርም አለ፣ እመጣበታለሁ።

ክፍል ውስጥ ያለውን ብዙም አላነሳም፤ ምልክቱንና ደንቡን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። አንድ ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ኩርባ ላይ መኪናውን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይልም እንደዚያው ነው። ከ40 ወደ 80 ሲሄዱ ማለት ነው።

ዋናው ትምህርት ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ነው። አሰልጣኙ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና የጨረሱ ሰው ናቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አጋደሙና «ልጄ፣ ይቺ ከተንከባለለች ዘግይተሃል» አሉኝ። ነገሩ ይሄው ነው። ፍሬኑም፣ ማርሽ መቀነሱም መሪው ሳይዞር ማለቅ አለበት። ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ስለሆነ፣ ኩርባው ውስጥ ለፍሬን ከሰጣችሁት ለመዞር አይተርፍም። ዓይናችሁን ደግሞ ገደሉ ላይ አትትከሉ፣ የኩርባውን መውጫ እዩ፤ እጅ ዓይንን ይከተላል።

በረሃውን የሚያውቅ ያውቀዋል። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጎበጠው ቦታ አለ፣ ከፊት የሚያቃስት ሲኖትራክ አለ፣ ከኋላ የሚቸኩል ሚኒባስ አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ የሚወርድ ሰው ግን አሁንም ይገርመኛል። ሞተሩ ካልያዘለት ፍሬኑ ብቻውን ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። ከሸተታችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ራሱ ይቀዝቅዝ። ውሃ አታፍሱበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

ሜዳ ላይ ያለውን ልምምድ ከሁሉም ወደድኩት። ጄሪካን ይደረድሩና እየነዳችሁ ሳለ ድንገት «ላም!» ብለው ይጮሃሉ። በ60 እየነዳ ያለ ሰው በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል፣ ስለዚህ ለማሰብ ጊዜ የለም፣ እግር ራሱ መልመድ አለበት። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርግ መሣሪያ) ያለው መኪና ከሆነ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይዞ፣ በመሪው ማምለጥ ነው። ፔዳሉ ከእግር ስር ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ደንግጦ ይለቃል። አትልቀቁ! የፊት ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ፍሬን አይነካም፣ መሪውን በሁለት እጅ ጥብቅ አድርጎ ነዳጁን ቀስ እያሉ መልቀቅ፣ የመኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ዳር መውጣት።

ቅሬታዬ ይሄ ነው። መለማመጃ መኪናቸው አዲስ ነው፣ ኤቢኤስ አለው። እኛ ጎጃም ውስጥ የምንነዳው ግን ብዙው አሮጌ ነው። ኤቢኤስ የሌለው መኪና ፍሬኑ አጥብቆ ሲረገጥ ጎማው ይቆልፋል፤ የቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማም፣ እንደገና እስኪዞር ፍሬኑን ላላ ማድረግ ግድ ነው። ይህን በአፍ ብቻ ነው የነገሩን። ገንዘብ የተከፈለበት ትምህርት ስለሆነ በተግባር ማሳየት ነበረባቸው። ሌላው፣ በአንድ መኪና ብዙ ሰው ይመድባሉ፣ ተራ ጥበቃው ያሰለቻል።

ለቢሮው ነግሬያቸዋለሁ፣ አሮጌ ፒክአፕ እየፈለግን ነው ብለዋል። መመዝገብ ያሰባችሁ ክረምት ሳይገባ ሂዱ፤ ጉምና ዝናብ ካለ የበረሃውን ልምምድ ይሰርዙታል፣ ያለ እሱ ደግሞ ስልጠናው ግማሽ ነው።