«ኒው ስታንዳርድስ»፦ የሴቶችን ድርሰት ወደ ጃዝ መድረክ የሚያመጣ የኖታ መጽሐፍ

ጃም ሴሽን (ሙዚቀኞች ያለ ልምምድ ተሰባስበው የሚጫወቱበት መድረክ) ላይ ሙዚቃ የሚመረጠው እዚያው መድረክ ላይ ነው። አንዱ ርዕስ ይጠራል፤ ሌሎቹ ካወቁት ይጫወቱታል፣ ካላወቁት ይታለፋል። ሁሉም የሚያውቀው ደግሞ በአብዛኛው «ሪያል ቡክ» በተባለው የጃዝ ኖታ ስብስብ ውስጥ ያለውን ነው። ይህ ስብስብ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ በተማረበት በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተዘጋጅቶ፣ ለደራሲዎቹ ሳይከፈል በፎቶ ኮፒ የተዛመተ ነው። የሴት ደራሲዎች ሥራ በውስጡ በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ባንዱ ውስጥ ሴቶች ቢኖሩም ሲጫወቱ የሚያመሹት የወንዶችን ድርሰት ነው።

ድራመሯ ቴሪ ላይን ካሪንግተን በ2018 (እ.ኤ.አ.) እዚያው በርክሊ የጃዝና የፆታ ፍትሕ ተቋምን መሠረተች፤ በ2022 ደግሞ በሴቶች የተደረሱ 101 ሊድ ሺቶችን (የዜማና የኮርድ ኖታዎችን) «ኒው ስታንዳርድስ» በተባለው በዚህ መጽሐፍ አወጣች። የቀድሞዋ ፒያኒስት ሜሪ ሉ ዊሊያምስና የዛሬዋ ሳክሶፎኒስት ኑባያ ጋርሲያ አንድ ጥራዝ ውስጥ ይገኛሉ። ይህን ያህል ሥራ በእጅ ካለ «የሴት ድርሰት ከየት ይመጣል?» የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ሊድ ሺት ዜማና ኮርድ እንጂ ግሩቭ (የምቱን ስሜት) አያስተምርም፤ ብዙዎቹ ድርሰቶች ደግሞ በጆሮ የተለመዱ አይደሉም። ሳይለማመዱ ጃም ላይ ቢጠሯቸው ሪትም ሴክሽኑ (ድራሙ፣ ቤዙና ፒያኖው) ይበተናል፤ ጥፋቱም ያለ ኃጢአቷ በደራሲዋ ይሳበባል። ቅጂውን ቀድማችሁ አዳርሱ። «ኒው ስታንዳርድስ ቮልዩም 1» የተባለውን፣ 11 ሥራዎችን የያዘና በ2023 ግራሚ ያገኘ አልበም አብራችሁ ስሙ። የመጽሐፉ ኖታ በኮንሰርት ፒች (ፒያኖ በሚያነበው ቃና) ስለሆነ ትራምፔትና ቴነር ሳክስ አንድ ሙሉ ቶን ከፍ፣ አልቶ አንድ ቶን ተኩል ዝቅ አድርገው ይጻፉት፤ ኮርዱም አብሮ ይቀየራል።

ለመጀመሪያ የካርላ ብሌይ «ሎውንስ» ይመረጣል፤ ዝግ ያለ ነው፣ ኮርዱም አያስቸግርም። ግን ባዶ ቦታውን በሶሎ መሙላት ያበላሸዋል፤ ድራመሩ ብሩሽ ይያዝ፣ ቤዙም ኖታ ያሳጥር። ዘፋኝ ካላችሁ የአቢ ሊንከን «ትሮው ኢት አዌይ» አለ። የማሪሊን ክሪስፔል «ራውንድስ» ግን እዚያው መድረክ ላይ በነፃነት እየፈጠሩ በመጫወት (ፍሪ ኢምፕሮቪዜሽን) ላይ ስለሚቆም፣ መደማመጥን ላላዳበረ ባንድ አይሆንም።

ሁለት ወይም ሦስት ድርሰት በደንብ ያዙና በማርች 8 ዝግጅት ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ፕሮግራም መካከል አስገቧቸው። የደራሲዋን ስም በማይክ ተናገሩ፣ የሮያሊቲ ክፍያው ለባለቤቱ እንዲደርስም በምትጫወቷቸው ሥራዎች ዝርዝር ላይ ጻፉት።