«ፓምፕ አያስፈልግዎትም» ላለኝ ባለሙያ

ቤት ውስጥ ያለ አፈር አትክልት ማብቀል ላሰባችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጽፍም። ሳላመሰግነው ባልፍ ግን ቅር ይለኛል።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ልጄ አግብታ ከወጣች ወዲህ አንድ ክፍል ባዶውን ነበር። እዚያ ሰላጣ፣ በሶብላና ትንሽ ቲማቲም ላበቅል አሰብኩ። ልቤ ያረፈው ቪዲዮ ላይ ባየሁት ነጭ ቱቦ ላይ ነው፤ ውሃው ቀኑን ሙሉ ውስጥ ለውስጥ የሚዞርበት። ዋጋ የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ «መቼ እንምጣ?» አሉኝ። እሱ ግን ሂሳብ ሳያነሳ መጠየቅ ጀመረ። «እትዬ፣ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋብዎታል? ውሃስ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቀን ቤት የሚውል ሰው አለ?»

ለካ ድሮ አበባ እርሻ ላይ ማዳበሪያ በውሃ በጥብጦ ለተክል የሚያደርሰው ክፍል ውስጥ ነበር የሚሰራው። ገብቶት ነው የሚያወራው።

ያ ያማረኝ ቱቦ ኤንኤፍቲ ይባላል። ማዳበሪያ ያለበት ውሃ ከስሩ በታች በስሱ ይፈስሳል፤ ስሩ ከላይ አየር ያገኛል። ችግሩ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ አለመኖሩ ነው። ፓምፑ ከቆመ ስሩ መድረቅ ይጀምራል፤ ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ሰላጣው በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። «ቅጠሉ አንድ ቀን ጨለማ ቢውል ምንም አይሆንም። ስሩ ግን መብራት እስኪመጣ አይጠብቅዎትም» አለኝ። ስሩ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በትንሽ ፓምፕ አየር የሚነፋበትም ዘዴ አለ። እሱ መብራት ሲጠፋ ትንሽ ይታገሳል፣ ግን ያው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።

ለሰላጣውና ለበሶብላው የመረጠልኝ ክራትኪ የሚባለውን ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ከበርናርድ ክራትኪ ነው። ፓምፕ የለውም። ብርሃን የማያስገባ ሳጥን፣ የተበሳ ክዳን፣ ችግኙ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ኩባያ፣ በቃ። ተክሉ ውሃውን ሲጠጣ ደረጃው ይወርዳል፣ ከላይ የአየር ክፍተት ይፈጠራል፣ የላይኛው ስር እዚያ ይተነፍሳል። አደራ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ጎደለ ብዬ እስከ አፉ እንዳልሞላው። አየር የለመደው ስር ከሰጠመ ይታፈናል። ሳጥኑ ብርሃን ካስገባ ደግሞ አልጌ ይወርሰዋል።

ቲማቲም ግን ውሃ ስለሚያበዛ ለሳጥኑ አይመችም አለ። ለእሱ ባልዲ ውስጥ የታጠበ ሬድ አሽ ሞላልኝ፤ ያው መንገድ ሲሰራ የምናየው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ጀሪካን አስቀመጠ፣ ቀጭን ቱቦ አወረደ፣ በጠብታ ያጠጣል። እሱም ያለ ኤሌክትሪክ። ከባልዲው ስር ትንሽ ውሃ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ጨው ይጠራቀማል።

ከሁሉ የወደድኩለት አለካኩን ነው። ማዳበሪያ ሳይጨምር መጀመሪያ የቧንቧውን ውሃ ለካ። የውሃውን ኮምጣጣነት የሚያሳየው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 መካከል እንዲሆን አስተካከለ። የማዳበሪያውን ብዛት የሚያሳየውን ኢሲ ለሰላጣ 1.2 ገደማ አደረገው። ለቲማቲም ከ2 በላይ ነው። ካልሲየም ናይትሬቱን ለብቻ፣ ሰልፌትና ፎስፌት ያለባቸውን ለብቻ በጠበጠ። ወፍራሙ ብጥብጥ አንድ ላይ ከተቀላቀለ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ተክሉም አያገኘውም። እያንዳንዱን ብዙ ውሃ ውስጥ በየተራ መጨመር ነው። ጎረቤቴ «ዩሪያ ብትጨምሪበትስ?» ስትለኝ ደውዬ ጠየቅኩት። ዩሪያን ተክሉ ወደሚፈልገው ናይትሬት የሚለውጡት አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ሳጥን ውስጥ አይሆንም አለኝ። ለዚህ ምክር ሳንቲም አልጠየቀኝም።

አንድ የምወቅስበት ነገር አለ፤ ቀጠሮ ላይ ይዘገያል። ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ካለ አራት ሰዓት ጠብቁት። ሲመጣ ግን ስራውን ሳይጨርስ አይሄድም፣ የገዛውንም እቃ በደረሰኝ ነው የሚያስረክበው። የሰራበት ዋጋም ያን ባለ ፓምፕ ቱቦ ቢሸጥልኝ ኖሮ ከሚያገኘው ያንሳል።

ለሆቴል ማቅረብ ለምትፈልጉና ጀነሬተር ላላችሁ ቱቦውንም ይሰራል፤ እዚያ ያዋጣል ይላል። ለእኔ ዓይነቱ ቤት ግን ሳጥኑ በቂ ነው። ሰላጣው ከተተከለ ከወር ትንሽ አልፎ ለምግብ ደረሰ፣ በሶብላውም እየቀነጠስኩት ይደግማል። በርበሬ ሳዘጋጅ ከገበያ አልገዛም።

ስልኩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ክፍሉ ስንት በስንት እንደሆነ ለኩ፣ ምን ማብቀል እንደምትፈልጉም ወስኑ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ቀን ስራ ላይ ስለሚሆን አያነሳም፣ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ሞክሩት።